ልዑል ዓለማየሁ፦ በወር ልዩነት አባትና እናቱን ያጣው ብላቴና

ከሱዳኗ ገዳሪፍ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተጉዘው ድንበሩን ሲሻገሩ የአፄ ቴዎድሮስ የትውልድ አገር ቋራ ይገኛል። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ያሳለፈው የሙት ልጅነት ኑሮ፣ ዛሬ በዚያው ድንበር መጠለያዎች ለሚያድጉ ሕፃናት እንግዳ አይደለም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የብሪታኒያ ጦር መቅደላን ሲይዝ አፄ ቴዎድሮስ የገዛ ሕይወታቸውን አጠፉ። እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ከተመላሹ ጦር ጋር ወደ ባሕር አቀኑ። ሕመም አዳክሟቸው ነበርና ግንቦት 8 ቀን በመንገድ ላይ ዐርፈው በጨለቆት ተቀበሩ።

ብላቴናው ከዚያ በኋላ አማርኛ የሚያውቀውን መኮንን ትሪስትራም ስፒዲን የሙጥኝ አለ። ሌሊት ያለ እርሱ መተኛት ይፈራ ነበር። ኢትዮጵያውያን ባሻ ፈለቀ የሚሉት ይህ መኮንን በእንግሊዝ፣ ኋላም በሕንድ አብሮት አኖረው። በ1864 ዓ.ም. ግን የእንግሊዝ ግምጃ ቤት ሹማምንት፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ባይወዱትም፣ ልጁ መደበኛ ትምህርት ያሻዋል ብለው ከአሳዳጊው ለዩት። ዳግም የሙት ልጅ ሆነ።

ከቼልተንሃም ወደ ራግቢ፣ ከዚያም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተዘዋወረ። አፍ የፈታበትን ቋንቋ ረሳ፤ ባይተዋርነቱም በረታ። በሊድስ ከተማ በቀድሞ አስተማሪው ቤት ሳለ በሳንባው ላይ ሕመም ጸናበት። ተመርዣለሁ ብሎ ስለ ሰጋ ምግብና መድኃኒት እምቢ አለ። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐረፈ። የተቀበረው በዊንዘር ነው፤ ዐፅሙ ለአገሩ እንዲበቃ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም።

ዓለማየሁ ምግብ፣ ልብስና ትምህርት አልጎደለበትም። የጎደለው በቋንቋው የሚያጽናናው፣ የማይለየው አንድ ሰው ነበር።

በ2013 ዓ.ም. የትግራይን ጦርነት የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ሰፈሩ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በግዛቲቱ የኮሌራ ወረርሽኝ መግባቱ ታወጀ። በሽታ ወላጆችን በሚነጥቅበት በእንዲህ ያለ ስፍራ፣ ሕፃኑን መዝግቦ ራሽን መስጠት የእርዳታው መጀመሪያ ብቻ ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ ዘመድ ወይም ጎረቤት ፈልጎ ማገናኘት፣ ካገናኙም በኋላ ለአሠራር ይመቻል ተብሎ ዳግም አለመለየት ይቀራል።