ሚካኤል ቶኔትና ባለ ስድስት እንጨቱ ወንበር

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ በምናነብበት ጊዜ የጦር አበጋዞችና የመንግሥት መሪዎች ሰፊውን ቦታ ይዘው እናገኛቸዋለን፤ ሰው የሚቀመጥበትን ነገር ያሻሻለ ግን ስሙ ሲነሣ እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ በዚህ እትም የአንድ አናጢ ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወድደናል። ይህ ሰው ሚካኤል ቶኔት ይባላል። ስሙን የማያውቅ እንኳ ወንበሩን ያውቀዋል፤ ጀርባው እንደ ቀስት የጎበጠ፣ በውስጡም ሁለተኛ ትንሽ ቅስት ያለበት፣ መቀመጫው ክብ የሆነ፣ ቀጭን የቡና ቤት ወንበር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ቶኔት ጁላይ 2 ቀን 1796 በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በቦፓርድ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቆዳ ፋቂ ነበር። ፋቂ የሚለው ቃል በአገራችን ስንት ዘመን ስድብ ሆኖ እንደ ኖረ ለምናውቅ ለእኛ፣ ከዚህ ቤት የወጣ ልጅ እስከ ቤተ መንግሥት መጠራቱ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር ነው። ልጁ የአባቱን ሥራ ትቶ የእንጨት ሥራ ተማረ፤ በ1819 የራሱን መሥሪያ ቤት ከፈተ፤ በሚከተለው ዓመትም አገባ። አምስት ወንዶች ልጆቹ አድገው ኋላ የሥራ ጓደኞቹ ሆነዋል።

በዚያ ዘመን የጎበጠ የወንበር እግር ወይም ጀርባ የሚሠራው ከወፍራም እንጨት በመጋዝ እየተቈረጠ ነበር። ይህ አሠራር ሁለት ጉዳት ነበረው፤ ብዙ እንጨት በከንቱ ይጠፋል፤ ደግሞም የእንጨቱ ጭረት በመጋዙ ስለሚቋረጥ ወንበሩ በቀላሉ ይሰበራል። ቶኔት እንጨቱን ከመቍረጥ ይልቅ ማጕበጥ ይሻላል ብሎ ተነሣ። በ1830ዎቹ ዓመታት ስስ የእንጨት ልጦችን በኮላ ቀቅሎ፣ ደራርቦ፣ በፎርማ ላይ አጕብጦ በማድረቅ ቀላልና ጠንካራ ወንበሮች ሠራ። ነገር ግን ለፈጠራው በየአገሩ የባለቤትነት መብት ለማግኘት ያደረገው ሙከራ ሳይሳካ ቀረ።

በ1841 በኮብሌንዝ ከተማ በተደረገው ኤግዚቢሽን የኦስትሪያው መስፍን ሜተርኒኽ ሥራውን አይቶ ወደ ቪየና እንዲመጣ ጋበዘው። በ1842 ቶኔት ወደዚያው ሄደ፤ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር የኦስትሪያ መንግሥት እንጨት የማጕበጥ መብት ሰጠው። ነገር ግን ይህ ደስታ ብቻውን አልመጣም፤ በቦፓርድ አበዳሪዎቹ ንብረቱን ይዘውበት ነበር። ቶኔት ያን ጊዜ 46 ዓመቱ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜ የድካሙን ፍሬ መልቀም ሲጀምር፣ እርሱ ቤተ ሰቡን ይዞ በባዕድ ከተማ በሌላ ባለሙያ መሥሪያ ቤት እንደ ገና ሥራ ጀመረ። በሊኽተንሽታይን መሳፍንት ቤተ መንግሥት ውስጥ ከተነጠፈው የእንጨት ወለልና ከወንበሮቹ ብዙው የእርሱና የልጆቹ እጅ ሥራ ነው። የራሱን መሥሪያ ቤት በቪየና የከፈተው በ1849 ሲሆን፣ ዳውም ለተባለው ቡና ቤት የሠራቸው ወንበሮች ስሙን አስጠሩለት። በ1851 በለንደኑ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የነሐስ ሜዳይ አገኘ፤ በ1853ም ድርጅቱን የቶኔት ወንድማማቾች በሚል ስም ለልጆቹ አዛወረ።

ቶኔት በዚህ አልረካም። በኮላ የተጣበቀ እንጨት እርጥበት ሲያገኘው ስለሚላቀቅ ወደ ሩቅ አገር በመርከብ ለመላክ አያስተማምንም ነበር። ስለዚህ ድፍኑን እንጨት ለማጕበጥ ተነሣ። የመረጠው ቢች የሚባለውን የአውሮፓ ዛፍ ነው። ይህ እንጨት በእንፋሎት ሲለሰልስ ይጐብጣል፤ ነገር ግን በውስጥ በኩል ያለው ጭረት ሲጨመቅ በውጭ በኩል ያለው ይለጠጥና ይሰነጠቃል። እንጨት መጨመቅን ይችላል፤ መለጠጥን ግን አይችልም። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ በውጭው በኩል ስስ የብረት ላሜራ አጥብቆ ማሰር ነው። ያን ጊዜ ብረቱ እንጨቱን እንዳይለጠጥ ይይዘዋል፤ ጕብጠቱም ሁሉ በመጨመቅ ብቻ ይፈጸማል። የደረቀው እንጨት ቅርጹን አይለቅም። በ1856 ለዚህ ዘዴ የ13 ዓመት መብት ተሰጠ፤ ቢች በሞላበት በሞራቪያ ደን አጠገብ በኮሪቻኒ ፋብሪካ ተሠራ።

ቍጥር 14 የተባለው ወንበር በ1859 ወጣ። ስድስት እንጨት፣ አሥር ቪቴና ሁለት ዳዶ ብቻ ነው ያለው። መቀመጫው ራታን ከሚባል የእስያ ሐረግ ልጥ የተጠለፈ ነው። ወንበሩ ሳይገጣጠም ሲታሸግ 36ቱ ወገን አንድ ሜትር በሆነ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ የሚገጣጠመው ከደረሰበት አገር ነው። ርካሽነቱ ግን የዘዴው ፍሬ ብቻ አልነበረም። ፋብሪካው ወደ ገጠር የሄደው እንጨቱም ጕልበቱም በዚያ ርካሽ ስለ ነበረ ነው፤ የማለስለሱንና የመጥለፉን ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው የመንደር ሴቶች ነበሩ። ስማቸው በወንበሩ ላይ አልተጻፈም።

በ1867 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ድርጅቱ የወርቅ ሜዳይ አገኘ። በ1869 መብቱ አበቃ፤ ያዕቆብና ዮሴፍ ኮንን የመሳሰሉ ሌሎች ፋብሪካዎች በዚያው ዘዴ መሥራት ጀመሩ። ቶኔት ማርች 3 ቀን 1871 በቪየና ሞተ። ወንበሩ ግን አልሞተም። ሌ ኮርቡዚዬ የተባለው የሕንፃ ሊቅ በ1925 በፓሪስ ባሳየው ዘመናዊ ቤት ውስጥ የቶኔትን ወንበሮች አኖረ፤ እስከ 1930 ድረስም ቍጥር 14 ብቻውን 50 ሚሊዮን ያህል እንደ ተሸጠ ይገመታል።

እዚህ ላይ ዛሬም የሚያከራክረው ጥያቄ ይነሣል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሞራቪያ ፋብሪካዎች በቼኮስሎቫኪያ መንግሥት ተወረሱ። ከነርሱ አንዱ፣ በቢስትሪትሴ ያለውና በ1861 የተከፈተው፣ ዛሬ ቶን በሚል ስም ያንኑ ወንበር ይሠራል። የቶኔትን ስም የያዘው ድርጅት ደግሞ በጀርመን አገር በፍራንከንበርግ፣ ሰውዬው ከሞተ ከ18 ዓመት በኋላ በ1889 በተከፈተ ፋብሪካ፣ ቍጥር 214 እያለ ይሠራዋል። አንዱ ስሙ አለው፤ ሌላው ቦታው አለው። ታዲያ እውነተኛው የትኛው ነው? ቅጅውስ የትኛው?

የዘመናችን ሕግ ወደ ባለ ስሙ ያደላል። በብሪታንያ በ2016 የተለወጠው ሕግ፣ እንደ ሥነ ጥበብ ሥራ የሚቈጠር የቤት ዕቃ ንድፍ አውጪው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት እስኪያልፍ እንዳይቀዳ ይከለክላል። እንዲህ ያለ ሕግ ለቶኔት ወንበር ሠርቶ ቢሆን ኖሮ እስከ 1941 በተዘጋ ነበር። እርግጥ ነው፤ ንብረቱን ላጣ ሰው የ13 ዓመቱ መብት ባይኖር ፋብሪካው ባልተሠራም ነበር። የሚደክም ሰው የድካሙን ዋጋ ማግኘት ይገባዋል። ነገር ግን ዋጋው ልክ አለው።

የእኛ አሳብ ይህ ነው። በሌላ ሰው ስም ወንበር የሚሸጥ ነጋዴ ይዋሻል፤ ሊከሰስም ይገባዋል። በራሱ ስም፣ በራሱ እጅ፣ የሚሰበር ሳይሆን የሚያገለግል ወንበር የሚሠራ ግን የቶኔት ሌባ ሳይሆን የቶኔት ደቀ መዝሙር ነው። ከሕግ ተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መካከል ይህን የሚቃወም ቢኖር፣ በሚመጣው እትም መልሱን በደስታ እናወጣለን።