ዡል ቬርንና በካዝና የቀረው መጽሐፍ

በሙያችን ውስጥ ዡል ቬርን የሚታወቀው የመሐንዲስ ወዳጅ ሆኖ ነው። ባሕር ሰርጓጅ መርከቡንና ወደ ጨረቃ የተተኮሰውን ጥይት በልጅነቱ አንብቦ ወደ ቴክኒክ ትምህርት ያዘነበለ ሰው ብዙ ነው። ደራሲው ራሱ ግን መሐንዲስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1828 ናንት በተባለችው የፈረንሳይ የወደብ ከተማ ተወለደ። ጠበቃ የነበሩት አባቱ ሥራቸውን እንዲወርስ ብለው ሕግ እንዲማር ፓሪስ ላኩት። ትምህርቱን ቢፈጽምም ጥብቅናውን ትቶ ቲያትር መጻፍ ያዘ። ቲያትሩ እንጀራ አልሆነውም፤ በ1857 ትዳር ሲይዝ ቤቱን ለማስተዳደር በአክሲዮን ገበያ ደላላ ሆነ። ማለዳ ተነሥቶ ይጽፋል፤ ትርፍ ጊዜ ሲያገኝ ከቤተ መጻሕፍት የሳይንስ ማስታወሻ ይለቅማል።

በ1862 ከአሳታሚው ከፒየር ዡል ኤትዜል ጋር ተዋወቀ። በማግሥቱ ዓመት የወጣው መጽሐፍ በባሉን ከዛንዚባር እስከ ሴኔጋል ወንዝ አፍሪካን ስለ ማቋረጥ ይተርካል። የነጭ ዓባይ ምንጭ አውሮፓን በሚያነጋግርበት ሰዓት ስለ ደረሰ ወዲያው ተወደደ። (አገሩን ሳያይ ስለ አፍሪካ ሰዎች የጻፈው ንቀት እኛን የሚያስቆጣ መሆኑን ሳልናገር ማለፍ አልወድም።)

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የ1865ቱ የጨረቃ ጉዞ ነው። ቬርን የሒሳብ መምህር የነበረውን የአክስቱን ልጅ አማክሮ ቁጥሩን ሁሉ በግልጽ አሰፈረ፤ የመድፉ ርዝመት 900 ጫማ፣ የጥይቱ ፍጥነት በሴኮንድ 12,000 ያርድ። ይህ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከምድር ስበት ለማምለጥ ከሚያስፈልገው እምብዛም አይርቅም። ነገር ግን ይህን ፍጥነት በ274 ሜትር ውስጥ ለማግኘት ተጓዦቹ ከምድር ስበት ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ግፊት ሊሸከሙ ነው። ደራሲው ከእግራቸው በታች ያኖረው ውኃ ከመጨፍለቅ ባላዳናቸውም ነበር። ስሕተቱን የሚያገኝ ሰው የሚያገኘው ቬርን ቁጥሩን ስላልሸሸገ ነው። የሮኬትን ሳይንስ የመሠረቱት ሩሲያዊው ጺዮልኮቭስኪና ኸርማን ኦበርት ሁለቱም የእርሱ አንባቢዎች ነበሩ፤ መድፉ እንደማይሆን ዐውቀው ፊታቸውን ወደ ሮኬት መለሱ።

ዝናው ጣራ የነካው ዓለምን በ80 ቀን ስለ መዞር የሚናገረው ልብ ወለድ በ1872 በጋዜጣ በተከታታይ ሲወጣ ነው። በ1874 ለመድረክ የቀረበው ቲያትር ባለጸጋ አደረገው። በ1889 ኔሊ ብላይ የተባለች አሜሪካዊት ጋዜጠኛ ቀኑን ለማሻሻል ተነሣች፤ በመንገዷም ቬርንን አሚየን ከሚገኘው ቤቱ ጎብኝታ ጉዞውን በ72 ቀን ጨረሰች።

የዝናው ዋጋ ግን ቀላል አልነበረም። በውሉ መሠረት በየዓመቱ ሁለትና ሦስት ቅጽ ማስረከብ ነበረበት። ኤትዜል አርታኢም ዳኛም ነበር፤ ካፒቴን ኔሞ ሩሲያን የሚበቀል ፖላንዳዊ እንዲሆን ቬርን ቢሻም፣ አሳታሚው የሩሲያ ገበያው እንዳይዘጋበት ስለ ፈራ ከለከለው። የፈረንሳይ አካዳሚ በአባልነት ሳይመርጠው ቀረ፤ ሐያስያኑም የልጆች ጸሐፊ አድርገው ተመለከቱት። በ1886 አእምሮው የታወከ የወንድሙ ልጅ እግሩን በሽጉጥ መታው፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ሲያነክስ ኖረ። በዚያው ወር ኤትዜል ሞተ። ቬርን በ1905 አሚየን ውስጥ ዐረፈ።

የመጀመሪያው ልብ ወለድ በወጣበት በ1863 ቬርን ሌላ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1960 ፓሪስ ውስጥ ነው። በተጨመቀ አየር የሚነዱ ባቡሮች፣ በጋዝ የሚሄዱ ሠረገሎች፣ ሌሊቱን የሚያበራ ኤሌክትሪክ ሁሉ አለ። ከተማዋን የያዙት ባለ ባንኮችና መሐንዲሶች ናቸው። በላቲን ግጥም ተሸልሞ የተሣቀበት ወጣት ባለቅኔ የሚሠራው ሥራ አጥቶ በመጨረሻ በክረምት በመቃብር መካከል በረዶ ላይ ይወድቃል። ኤትዜል ይህን የሚያምን የለም ብሎ መለሰለት፤ ቬርንም ካዝና ውስጥ ቈለፈበት። ጽሑፉ በ1989 ተገኝቶ በ1994 ታተመ። እኔም ያነበብሁት መሐንዲስ ከሆንሁ በኋላ ነው።