ሊንከንና የነጻነት አዋጁ

አብርሃም ሊንከን በ1809 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) በአሜሪካ፣ በኬንታኪ፣ በግንድ ጎጆ ተወለደ። ተማሪ ቤት የቈየበት ጊዜ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም፤ ዲግሪ ቈጣሪዎች ይቅር ይበሉኝ። በ1860 ለፕሬዚዳንትነት ቢመረጥ የደቡብ ግዛቶች ተገነጠሉ፤ በ1861 የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ።

በዚያው ዓመት ጄኔራል ፍሬሞንት በሚዙሪ የዐመፀኞች ባሮች ነጻ ናቸው ብሎ ቢያውጅ፣ ሊንከን ኬንታኪ እንዳትከዳው ሠግቶ አዋጁን ሻረው። ይህን ደብቆ እሱን ማወደስ አይገባም። ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 የፈረመው የራሱ አዋጅም ቢሆን ያመፁትን ክፍሎች ብቻ የሚመለከት ነበር፤ ከእሱ ጋር በቆሙት በኬንታኪና በሜሪላንድ ባሪያው ባሪያ እንደ ሆነ ቀረ። ሆኖም አዋጁ ለጥቁሮች የጦሩን በር ከፈተላቸው፤ ወደ 180,000 የሚሆኑ ተሰለፉ።

ሊንከን ጠበቃ ነበርና፣ በጦርነት ሥልጣን የወጣ አዋጅ ሰላም ሲወርድ በዳኛ ሊሻር እንደሚችል ያውቃል። ስለዚህ ጦርነቱ ሳያልቅ ባርነት በሕገ መንግሥቱ እንዲከለከል ብሎ እምቢ ያሉትን የምክር ቤት አባሎች ማግባባት ያዘ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1865 ሐሳቡ በ119 ድምፅ ለ56 አለፈ። ኤፕሪል 14 ሊንከን ቲያትር ቤት ውስጥ በጥይት ተመታ፤ በማግሥቱ ሞተ። ግዛቶቹ ተቀብለውት ሕጉ የጸናው በዲሴምበር 6 ነው።