ከሮም በፊት የታየው ፍጥነት

አትሌት አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በተባለች የገጠር መንደር ከእረኛ አባት ተወለደ። በክቡር ዘበኛ ወታደርነት ሲያገለግል በስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ሥር ለሮም ኦሎምፒክ ተዘጋጀ።

በ1952 ዓ.ም. ክረምት፣ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ በተካሄደ የዝግጅት ውድድር ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ፈጸመ። ይህም ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን በ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ የፈጠነ ነበር። ያም ሆኖ ሮም ሲደርስ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነበር።

ጳጉሜን 5 ቀን፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ዓለም በሮም ያጨደውን ድንቅ ድል፣ አበበ በአዲስ አበባ ክረምት አስቀድሞ ዘርቶት ነበር።