አባ ዕንባቆም፦ ለእምነታቸው ምክንያት የሰጡ መነኩሴ

ከመርሐ ቤቴ፣ ከዓለም ከተማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው የጀማን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ በለሚ በኩል ሙከ ጡሪ ይደርሳል። ከዚያም ወደ ፍቼ በሚወስደው መንገድ ሲቀጥል የደብረ ሊባኖስን ገዳም ያገኛል። ገዳሙን ሁላችንም የምናውቀው በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስም ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን የእርሳቸውን መንበር ከወረሱት አበው አንዱን፣ ዐሥራ አንደኛውን እጨጌ አባ ዕንባቆምን፣ ለውድ አንባብያን ማስታወስ ወደድን። ምክንያታችንም ይህ ነው፤ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የሆኑ ወንድሞችና እኅቶች ከወጣቶች ዘንድ ደጋግመው የሚቀርብላቸው ጥያቄ አለ፤ እርሱም የምናምነው ወላጆቻችን ስላመኑ ብቻ ነውን? የሚል ነው። አባ ዕንባቆም ይህን ጥያቄ በሕይወታቸው የመለሱ ሰው ናቸው። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አባ ዕንባቆም የተወለዱት በየመን ምድር፣ በ15ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ፣ ከእስልምና እምነት ተከታዮች መካከል ነው። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በዐፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት (1478–1494) ሲሆን፣ ክርስቲያን የሆኑት ግን እንደ መጡ አልነበረም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያወቁት ቁርኣን ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ከድንግል መወለድ፣ ከእግዚአብሔር የሆነ ቃልና መንፈስ ስለ መባሉ የሚናገረው ነገር ልባቸውን ያዘው። መጻሕፍትን መረመሩ፤ ሊቃውንትን ጠየቁ፤ ከራሳቸው ጋር ብዙ ተሟገቱ። በመጨረሻም በደብረ ሊባኖሱ እጨጌ በአባ ጴጥሮስ እጅ ተጠምቀው ዕንባቆም ተባሉ። ስሙ የተስማማ ነበር፤ ነቢዩ ዕንባቆም እግዚአብሔርን ጠይቆ መልሱን በመጠበቂያው ላይ ቆሞ የጠበቀ ነውና።

ከዚያ በኋላ በምንኵስና እየኖሩ በትምህርት በረቱ። ዐረብኛን ከአፍ መፍቻነት፣ ግእዝን ከጉባኤ አግኝተው ስለ ነበር፣ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በዕብራውያን መልእክት ላይ የጻፈውን ትርጓሜ በ1523 ገደማ ወደ ግእዝ መለሱ። በዚያው ዘመን አባ ጴጥሮስ ሲያርፉ እጨጌ ሆነው ተሾሙ። ከውጭ አገር የመጣ ሰው ለዚያ መንበር መብቃቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ዳሩ ግን ሹመቱ አልሰነበተም፤ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ ተከስሰው ተጋዙ። ምንም እንኳ በኋላ ቢፈቱ፣ መንበራቸውን ግን ወዲያው አላገኙም።

በ1529 በሽምብራ ኩሬ ጦርነት ኢማም አሕመድ ኢብራሂም ድል አደረጉ፤ አገሪቱም በእሳትና በሰይፍ ተናወጠች። ደብረ ሊባኖስም ተቃጠለ። የኢማሙን ዘመቻ የመዘገበው የራሳቸው ወገን ጸሐፊ እንኳ መነኮሳቱ ራሳቸውን ወደ ነበልባሉ እንደ ጣሉ መስክሯል። አባ ዕንባቆም በስደት ሳሉ የሚያውቋቸው ወንድሞች ዐለቁ፤ ያደጉበትም ቤት ዐመድ ሆነ። ቀድሞ የነበሩበት ሃይማኖት ተከታዮች አሁን አሳዳጆቻቸው ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ቢራገም ወይም ዝም ቢል ማን ይፈርድበት ነበር?

እርሳቸው ግን ሦስተኛውን መንገድ መረጡ። በ1540 “አንቀጸ አሚን” ማለትም “የእምነት በር” የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። የጻፉትም ለኢማም አሕመድ ነው። አብያተ ክርስቲያናትን ከማቃጠልና መነኮሳትን ከመግደል እንዲከለከሉ ለመኑ፤ ልመናቸውንም በማስረጃ ደገፉ። ኢማሙ መጽሐፍ ቅዱስን እንደማይቀበሉ ስለሚያውቁ፣ ነገራቸውን የጀመሩት ኢማሙ ከሚያከብሩት ከቁርኣን ነበር። ቁርኣን ክርስቶስን እንዲህ ካከበረ የእርሱን ሕዝብ ማጥፋት እንዴት ይገባል? የሚል ነበር የሐሳባቸው መነሻ። ከዚያም ወንጌል በአንድ ሕዝብ ቋንቋ ሳትወሰን በብዙ ልሳናትና ፊደላት መሰበኳን፣ ድሆች የሆኑ ሐዋርያትም ያለ ሰይፍ እስከ ምድር ዳርቻ ማድረሳቸውን እንደ ማስረጃ አቀረቡ።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ዓመት፣ ቅዱሳት መጻሕፍቶቻችንን ከማይቀበል ሰው ጋር ስንነጋገር ለሰው ሁሉ የጋራ ወደ ሆነው ወደ አእምሮ መመለስ እንደሚገባን አስተምሮ ነበር። አባ ዕንባቆም ይህን ትምህርት ያነበቡ አይመስለንም፤ ነገር ግን ከባልንጀራቸው ጋር በጋራ የሚቆሙበትን መሬት መፈለግን በራሳቸው ሕይወት ተምረዋል። እርግጥ ነው፣ ሙስሊሞች የቁርኣኑን ቃል እርሳቸው በተረዱት መንገድ አይረዱትም፤ መጽሐፉም ጦርነቱን አላስቆመም። ጦርነቱ ያበቃው በ1543 ኢማሙ በወይና ደጋ ሲወድቁ ነው። ቢሆንም የተሰደደ መነኩሴ አሳዳጁን አእምሮ እንዳለው፣ እውነትንም ሊሰማ እንደሚችል ሰው ቈጥሮ መናገሩ ብቻውን ታላቅ ምስክርነት ነው።

ዐፄ ገላውዴዎስ በነገሡ ጊዜ አባ ዕንባቆም ወደ መንበራቸው ተመለሱ። በ1553 “በራላም ወየዋሴፍ” የተባለውን ታሪክ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተረጐሙ። የዚህ ታሪክ የግሪክኛው ቅጂ፣ የአቴናው ፈላስፋ አርስጢዴስ በ2ኛው መቶ ዓመት ስለ ክርስትና እውነትነት ለሮም ቄሣር ያቀረበውን መከላከያ በውስጡ ይዞ ይገኛል። በ1560ዎቹ ገደማ፣ በዕድሜ ጠግበው ዐረፉ።

ቤተ ክርስቲያን በ1870 በመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ፣ ሰው በተፈጥሮ አእምሮው እግዚአብሔር መኖሩን ሊያውቅ እንደሚችል አስተማረች። በ1965 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ ሙስሊሞችን በአክብሮት እንድንመለከት አሳሰበች። በ1998 ደግሞ ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እምነትና አእምሮ እንደማይጣሉ በሰፊ መልእክት አስረዱ። እነዚህን ሦስት ነገሮች በአባ ዕንባቆም ሕይወት ውስጥ ተያይዘው እናገኛቸዋለን።

እንግዲህ ውድ መምህራን፣ ወጣቱ ሲጠይቀን አንቈጣ፤ ጥያቄው የክህደት ምልክት አይደለምና። ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ምክንያት ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ እንድንሰጥ ሲያዝዝ፣ በየዋህነትና በፍርሃት እንዲሆን ጨምሮ አዝዟል። መልካም ማስረጃ ሰውን እስከ በሩ ያደርሳል፤ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ግን የእግዚአብሔር ጸጋ ነው። ስለዚህ የተማርነውን አጥርተን እናስረዳ፤ ለምናስረዳውም ሰው እንጸልይ።