በባዶ እግር የኖሩት ፓትርያርክ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 3ኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ1910 ዓ.ም. በቤጌምድር ተወለዱ፤ የቀድሞ ስማቸውም መላኩ ወልደ ሚካኤል ነበረ። ወደ ደቡብ ወርደው በወላይታ ድሆች መካከል እያስተማሩ፣ እያጠመቁና አብያተ ክርስቲያናትን እያሳነጹ ብዙ ዘመን በምንኵስና ኖሩ። ወላይታም ያን ጊዜ በሲዳሞ ሥር ነበረች።

በ1968 ዓ.ም. ለፕትርክና ተመርጠው አዲስ አበባ ሲገቡ ከባድ ፈተና ጠበቃቸው። ከድሆች መንደር ወጥቶ በከበረ መንበር የተቀመጠ ሰው፣ ትናንት አብሮት የተራበውን ለመርሳት ቅርብ ነውና። ደግሞም ከእሳቸው በፊት የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስ በግፍ ከመንበራቸው ተነሥተው ታስረው ነበርና፣ ሹመቱ ከደስታ ይልቅ ለኀዘን የቀረበ ነበረ። እሳቸው ግን የወላይታውን ኑሮ በመንበራቸው ላይ አልለወጡም። ጫማ ሳይጫሙ፣ ሰውነታቸው በጾም ከስቶ፣ ግንቦት 1980 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በዚሁ ጸኑ።

ምእመናን ሆይ፤ ዛሬም ከሐዋሳ ተነሥተው ወደ ችግረኛው ገጠር ለሐዋርያዊ ጉዞ የሚወጡ አሉ። መውጣቱ መልካም ነው፤ ሰው የሚፈተነው ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው። የተራበውን ሕፃን አይቶ የመጣ ሰው ከገበታው ለዚያ ሕፃን ድርሻ ካላነሣለት፣ እግሩ ደርሶ ልቡ እንዳልደረሰ ይቆጠራል። እኒህ አባት ከድሆች መካከል በአካል ወጡ፤ በኑሯቸው ግን ከእነርሱ አልተለዩም።

የጻድቁ አባታችን በረከት ይደርብን፤ አሜን።