ኤድስኸር ዳይክስትራ እና የመጨረሻው አባል መለያ ቁጥር

በአሬይ ውስጥ በተርታ ከተቀመጡ አባላት መካከል የመጨረሻውን ማውጣት ለጀማሪ ፕሮግራመር ከሚሰጡ ቀዳሚ መልመጃዎች አንዱ ነው። የአባላቱ ብዛት 10 ቢሆን የመጨረሻው አባል በብዙ ቋንቋዎች የሚገኘው በመለያ ቁጥር 9 ነው። ይህ የአንድ ልዩነት ከልማድ የመነጨ ነው ወይስ በምክንያት የጸና? ጥያቄውን በቁም ነገር ከመረመሩት አንዱ ኔዘርላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የእሳቸውን ሕይወት ከዚህ ጥያቄ አንጻር በአጭሩ ይቃኛል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳይክስትራ ሜይ 11 ቀን 1930 በሮተርዳም ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የኬሚስትሪ መምህር ሲሆኑ እናታቸው በሒሳብ የሠለጠኑ ነበሩ። በወጣትነታቸው ሕግ አጥንተው አገራቸውን በተባበሩት መንግሥታት ለመወከል ቢያስቡም፣ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሒሳብና ፊዚክስ አጠኑ። በ1951 በካምብሪጅ አጭር የፕሮግራም አጻጻፍ ሥልጠና ወሰዱ፤ በቀጣዩ ዓመት በአምስተርዳም የሒሳብ ማዕከል በፕሮግራመርነት ተቀጠሩ። በዚያን ጊዜ ሥራው እንደ ዕውቀት ዘርፍ አይቆጠርም ነበርና ፊዚክስን ትተው በዚሁ ለመቀጠል አመነቱ። የማዕከሉ ባልደረባ አድሪያን ፋን ዋይንሃርደን ዘርፉን የተከበረ ሳይንስ የማድረግ ድርሻ የእሳቸው ሊሆን እንደሚችል በማመላከት አበረታቷቸው። በ1957 ሲያገቡ ግን የከተማው ሹማምንት ፕሮግራመር የሚባል ሙያ የለም በማለታቸው በጋብቻ ሰነዱ ላይ የቲዎሪ ፊዚክስ ባለሙያ ተብለው ተመዘገቡ።

በ1956 የቀየሱት የአጭር መንገድ ፍለጋ ስልት በ1959 ታትሞ ስማቸውን በዓለም አስጠራ። በ1960 ከያፕ ዞንፌልድ ጋር ኤክስ 1 ለተባለው ማሽን የአልጎል 60 ኮምፓይለር ሠሩ። በአልጎል 60 የአሬይን ታችኛና ላይኛ ወሰን የሚወስነው ፕሮግራመሩ ራሱ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው አባል የት እንዳለ የሚታወቀው ከተሰጠው ወሰን ነው። በ1962 በአይንድሆቨን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በ1972 የቱሪንግ ሽልማትን ተቀበሉ።

በ1976 ባሳተሙት የፕሮግራም አጻጻፍ ሥነ ሥርዓትን በሚመለከት መጽሐፋቸው ስለ አሬይ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አቀረቡ። በዚያም ታችኛውን ወሰን፣ ላይኛውን ወሰን፣ የአባላቱን ብዛት፣ እንዲሁም የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አባል በየራሳቸው ስም እንዲጠሩ አደረጉ። የመጨረሻው አባል ትርጉም የሚኖረው ብዛቱ ከዜሮ ሲበልጥ ብቻ መሆኑንም ደነገጉ። በባዶ አሬይ ውስጥ የመጨረሻ የሚባል ነገር የለምና። ይሁን እንጂ በዚህ አቀራረብ ላይኛው ወሰን በውስጥ ይካተት ስለነበር ብዛቱን ለማግኘት የወሰኖቹን ልዩነት ወስዶ 1 መጨመር ግድ ነበር።

ኦገስት 11 ቀን 1982 በእጃቸው በጻፉት አጭር ማስታወሻ ይህን የወሰን ጉዳይ ከመሠረቱ መረመሩት። ከ3 እስከ 7 ያሉትን አምስት ቁጥሮች ብንወስድ፣ ታችኛውን ወሰን አካትተን ላይኛውን ስናስቀር ከ3 ጀምሮ 8 ሳይደርስ እንላለን። የወሰኖቹ ልዩነት 8 − 3 = 5 ሲሆን ይህ ራሱ ብዛቱ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ተርታ ከ8 ይጀምራል፤ የአንዱ ማብቂያ የሌላው መነሻ ይሆናል። ታችኛውን ማስቀረትም ተመሳሳይ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ከዜሮ የሚነሳ ተርታ ከዜሮ በታች ያለ ወሰን እንዲጠይቅ ያደርጋል። ላይኛውን ማካተት ደግሞ ከዜሮ የሚነሳው ተርታ ባዶ ሲሆን ያንኑ ችግር ያስከትላል። የአባላቱን ብዛት በ‹ብ›፣ መለያ ቁጥሩን በ‹መ› ብንወክል፣ ከ1 መነሳት 1 ≤ መ < ብ + 1 ሲያሰኝ፣ ከዜሮ መነሳት 0 ≤ መ < ብ ያሰኛል። ሁለተኛው ይቀላል፤ የእያንዳንዱ አባል መለያ ቁጥርም ከእሱ በፊት ያሉት አባላት ብዛት ይሆናል። ከመጨረሻው አባል በፊት ያሉት ብ − 1 ናቸውና መለያ ቁጥሩም ይኸው ነው።

ከዜሮ መቁጠርን የጀመሩት ዳይክስትራ አልነበሩም፤ የሲ ቋንቋ አስቀድሞ ይሠራበት ነበር። የእሳቸው አስተዋጽኦ ልማዱን በምክንያት መፈተናቸው ነው። ዜሮ በሌለው የግዕዝ አኃዝ ቆጠራ ለለመደ አንባቢም ክርክሩ ልብ የሚባል ነው፤ መለያ ቁጥር የሚለካው ርቀትን እንጂ ተራን አይደለምና። ፎርትራን ሌላ ወሰን ካልተሰጠው ዛሬም ከ1 ይነሳል። ፓይተን ደግሞ −1ን የመጨረሻው አባል መጠሪያ አድርጓል።

ዳይክስትራ ከ1984 ጀምሮ በኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አስተምረው በ1999 ጡረታ ወጡ፤ ኦገስት 6 ቀን 2002 በኑነን አረፉ። በተራ ቁጥር ያዘጋጇቸው ማስታወሻዎች ከ1,300 ይበልጣሉ።

የ1976ቱ ቅድመ ሁኔታ አሁንም ዋጋ አለው። በባዶ ዝርዝር ላይ የመጨረሻው አባል ሲጠየቅ ፓይተን ስሕተት አስታውቆ ያቆማል። በሲ ግን ብዛቱ ዜሮ ሆኖ ሳለ ብ − 1ን በመለያ ቁጥርነት መጠቀም ከአሬዩ ክልል ውጭ ያለ ማህደረ ትውስታን ወደ ማንበብ ይመራል፤ ፕሮግራሙም የተሳሳተ ዋጋ ይዞ በዝምታ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው አባል የት ነው ከሚለው ጥያቄ በፊት መመለስ ያለበት በአሬዩ ውስጥ አባል አለ ወይ የሚለው ነው።